ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ማሽን

አዳማ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ መርዳሳ፣
ዓለም ጤና

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ድካሙም የሰርግ ወር ሲቃረብ የሚመጣ የለመድኩት ነው። መልስ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ስልክ ቢሰማዎት ኖሮ በየቀኑ እደውል ነበር። የስኳር ፋብሪካው ጫጫታ ጆሮዎን ከወሰደው ወዲህ ግን ለእኔና ለእርስዎ የቀረን ይህ ወረቀትና የጃፋር ሚኒባስ ብቻ ነው።

የእጅ ጽሑፌ አልነበብ ስላልዎት ይህንን በኮምፒውተር ጽፌ በሃያ ቁጥር ፊደል አትሜዋለሁ። ካነሰ ይንገሩኝ፣ አሳድገዋለሁ።

ስለ ካሴቱ ጠይቀውኛል። አልረሳሁትም። መስከረም ላይ በፌስታል ጠቅልለው የሰጡኝ የእህቴ የኤቢሴ ሰርግ ካሴት እዚሁ መደርደሪያዬ ላይ አለ። እማዬ ስትንቀሳቀስ የምትታይበት ሌላ ነገር እንደሌለን አውቃለሁ። ያለን ፎቶ ነው፤ ፎቶ ላይ ደግሞ እማዬ ሁልጊዜ የተቆጣች ትመስላለች። ሐኪሙ ስለ ዓይንዎ ያለውም በጆሮዬ አለ፤ ምናልባት እስከ ፋሲካ ያያሉ ነበር ያለው። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ አጥርቼ፣ በፍላሽ አመጣለሁ ብዬ ቃል የገባሁት ለዚያ ነው።

ያዘገየኝ ማሽኔ ነው። የአንዱን ሰርግ ቪዲዮ ቆራርጬ ከጨረስኩ በኋላ ማሽኑ ቁርጥራጩን ሁሉ ሰፍቶ አንድ ፊልም አድርጎ እስኪያወጣ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዛጋለሁ። አሁን ግን አዲስ ኮምፒውተር ገዛሁ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አልጣልኩትም፤ የአራት ዓመት ሰርግ ሁሉ የተቀመጠው እሱ ላይ ስለሆነ አውጥቼ አዲሱ ውስጥ ገጠምኩት። ፕሮሰሰሩ ግን፣ ማለትም የሚያሰላው አንጎሉ፣ ከድሮው ሁለት እጥፍ ይፈጥናል። ስድስቱ ሰዓት ሦስት ይሆናል ማለት ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ይተርፈኛል፤ የሚተርፈኝ ሰዓት የእርስዎ ነው። ጥር ሳያልቅ ካሴቱ ተገልብጦ እጅዎ ይገባል።

የዓይን ጠብታውን እንዳያቋርጡ።

ልጅዎ ቦንቱ


ዓለም ጤና፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣ አካም ጅርታ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ላልሽው፣ እሱም እንደ እኔ ጡረታ ወጥቷል።

ፊደልሽ ደርሶኛል። ጠዋት ጠዋት ሃያው ቁጥር ይነበባል፤ ከሰዓት በኋላ ያንሳል። ቀለም ካልተወደደብሽ ትንሽ ጨምሪበት። ስለ ዓይኔ ያነሳሽውን ሐኪሙን ጠይቂው፤ እኔ የማውቀው ብረትና ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱም ደህና ደርሷል። ዘንድሮ የበሰበሰውን ከጤነኛው የለየችልኝ ጎረቤቴ ባለሱቋ ዋፊቃ ናት። ሌላ ወሬ የለኝም።

ሁለት እጥፍ ይፈጥናል ያልሽውን ማሽን እጄን ሳላሳርፍበት አላምነውም። ፋብሪካ ሳለሁ ከጫጫታው የተነሳ ሰው ከሰው አይሰማማም ነበር። ማሽኑ ደህና መሆኑን የማውቀው መዳፌን ኩሽኔቱ ላይ አድርጌ ነው። ሲሠራ አንድ ዓይነት ይንቀጠቀጣል፣ ሲታመም ሌላ ዓይነት። ሲቆም ደግሞ መዳፍሽ ባዶ ይሆናል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ለሰው፣ መዳፌን ለማሽን ነበር የምሰጠው፤ ጆሮዬ ቀድሞ አለቀ።

ከካሴቱ የምፈልገው ጭፈራዋን ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው ያለው፣ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ። እናትሽ ዲንቄ በሕይወቷ ሁለቴ ነው ስትጨፍር ያየኋት፤ በኛ ሰርግና በኤቢሴ ሰርግ። የኛን የቀዳው ሰው የለም።

አትጨነቂ። እኔ አልቸኩልም፣ የሚቸኩለው ዓይኔ ነው።

አባትሽ መርዳሳ


አዳማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ። በዓለ ጥምቀቱን እንዴት አሳለፉ? እኔ በሦስት ሰርግና በሁለት መልስ መሐል አለፈብኝ። ፊደሉን ሃያ ስምንት አድርጌዋለሁ።

"ማሽንሽ እንዴት ሆነ?" ብለው በጃፋር በኩል ስላስጠየቁኝ ነው ቶሎ የምጽፈው። አፍሬያለሁ። ስድስት ሰዓት የነበረው አምስት ሰዓት ሆነ። ሦስት አይደለም፣ አምስት! መጀመሪያ ነጋዴው አታለለኝ ብዬ እሱን ልጣላ ተነሳሁ። ከዚያ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ኑዕማንን አመጣሁት። ከፍቶ አየና "ፕሮሰሰሩ ያሉሽ ነው፣ ሁለት እጥፍ ይፈጥናል" አለኝ።

"ታዲያ ሰዓቱ የት ገባ?" አልኩት።

ወረቀት አምጪ አለኝና ጻፈ። ከድሮው ስድስት ሰዓት ውስጥ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሠራው ሁለቱን ሰዓት ብቻ ነው። አራቱን ሰዓት ምስሉ ከዚያ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ እስኪመጣለትና ተመልሶ እስኪጻፍ ሲጠብቅ ነው የሚያሳልፈው። ዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ያለው አንድ መርፌ የምታህል አንባቢ ነው፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስላት ትጠብቃለች። አሁን ፕሮሰሰሩ ሁለት እጥፍ ሲፈጥን ሁለቱ ሰዓት አንድ ሆነ። አራቱን ማንም አልነካቸውም። አራትና አንድ አምስት። "አንድ ሺህ እጥፍ የሚፈጥን ብትገዢም ከአራት ሰዓት በታች አይወርድልሽም" አለኝ ኑዕማን፣ ሻዩን እየጠጣ። ሊስቅብኝ እንደፈለገ ፊቱ ያስታውቃል።

ያንን ዲስክ በገዛ እጄ ነው አዲሱ ማሽን ውስጥ የገጠምኩት። አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፣ እንዴት እለየው ብዬ።

ስለዚህ ካሴቱ አልተጀመረም አባዬ። ይቅር ይበሉኝ። የሙሽሮቹ ቤተሰቦች በየቀኑ እየመጡ በር ላይ ይቆማሉ። አንዷ እናት ትላንት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ "ልጄ ሳትወልድ ቪዲዮውን አያለሁ ወይስ?" አለችኝ። ወገቤ ተቆርጧል። እጅ ጽሑፍዎ ደግሞ ወደ ጎን ተንጋደደብኝ፣ ምነው?

ልጅዎ ቦንቱ


ዓለም ጤና፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የተንጋደደው ጠረጴዛው ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ዋፊቃ ከሱቋ ወጥታ ምን ሆነ ብላ አየችኝ። በአንቺ አይደለም የሳቅኩት። እኛም ፋብሪካ ውስጥ ይኸው ነገር ደርሶብናል። አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር።

አዲስ የሸንኮራ መጭመቂያ መጣ። ከድሮው ሁለት እጥፍ ይጨምቃል ተባለ፣ ውሸትም አልነበረም፤ እኔ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተጠጣ። በወሩ ሲታይ ስኳሩ የጨመረው እፍኝ ያህል ነው። አለቆቹ እኛን ይቆጡ ጀመር። ማሽኑ ፈጣን ነው፣ ሰነፎቹ እናንተ ናችሁ አሉን። ሁለት ሰው ከፈረቃ ቀነሱብን። እኛም ፈርተን ስንሮጥ ከረምን፤ ላብ ብቻ ነው ያተረፍነው።

አንድ ቀን መዳፌን መጭመቂያው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሸንኮራ ሲገባለት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይቀልለዋል፣ ባዶውን ይዞራል። እንደገና ይገባለታል፣ እንደገና ባዶውን ይዞራል። ያመጡለትን ቶሎ ይጨርስና አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። መሣሪያዬን አስቀምጬ ወደ በሩ ሄድኩ። ሸንኮራውን ከእርሻ የሚያመጡት እነዚያው የድሮ ተጎታቾች ናቸው፣ በዚያው በጭቃው መንገድ፣ በዚያው ሚዛን ተሰልፈው። ለእነሱ ሪባን የቆረጠላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ዘገየ ሲሉኝ የሚሮጠውን አላይም፤ ወደ በሩ ሄጄ የሚጠበቀው ማን እንደሆነ አያለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ዲስኩን ቀይሪው፤ ሰርጎቹን መጀመሪያ ገልብጪያቸውና ከዚያ ተለያዩ።

ደክሞሻል። ከፊደሉ ሳይሆን ከአረፍተ ነገሮችሽ ታወቀኝ። ሠላሳ ስድስት ቁጥር የሚባል ፊደል አለ?

አባትሽ መርዳሳ


አዳማ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣ እንዴት ከረሙ? አለ፣ ይኸው ሠላሳ ስድስት ነው። አንድ ገጽ ሁለት አንቀጽ አይይዝም፤ ጃፋር "መጽሐፍ ነው የምትልኪው?" ብሎኛል።

ምክርዎን ሰማሁ፤ ዲስኩን ቀየርኩት። አዲሱ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አራቱ ሰዓት አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላ። ከአንዱ የፕሮሰሰር ሰዓት ጋር ሲደመር ያ ስድስት ሰዓት የነበረው ሥራ ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃል። ኑዕማን ስለ እርስዎና ስለ መጭመቂያው ስነግረው "እኚህን ሰውዬ ሱቄ ቁጭ ባደርጋቸው" አለ።

አሁን የማልፈልገውን ልጻፍ። ካሴቱ አሁንም አልተገለበጠም።

የካሴት ነገር ከሰርጉ ቪዲዮ ይለያል። ካሴት የሚገለበጠው ዴክ ውስጥ ገብቶ እየታየ ነው። ሦስት ሰዓት የተቀዳ ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የዓለምን ፈጣን ፕሮሰሰር ባስቀምጥለት እሱም ቁጭ ብሎ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። እማዬ በራሷ እርምጃ ነው የምትሄደው። ይህን ገና ከመስከረም አውቀው ነበር፤ ሥራዬ ነው። አዲስ ማሽን መግዛቴ ለካሴቱ ምንም እንደማይረዳው አውቄ ነው ያዘገየኝ ማሽኔ ነው ያልኩዎት።

የኔ ዴክ ማዞሪያ ቺንጋው ተበጥሶ ከተቀመጠ ዓመት አለፈው። የሚሠራ ዴክ ቢሾፍቱ አንድ ሰው ጋ አለ ሲሉኝ ሄጄ ማምጣት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እላለሁ። አዲሱ ማሽን ያተረፈልኝን ሰዓት ሁሉ ለሌላ ሙሽራ ሰጠሁት። ሁለት ሰርግ እሠራ የነበርኩ አሁን አምስት እሠራለሁ፤ ጾም ገብቶም የጥርን ሰርጎች አልጨረስኩም። እንዳሉኝ ትላንት ወደ በሩ ሄጄ የሚጠበቀው ማን ነው ብዬ አየሁ። እኔ ነኝ አባዬ። ዴኩም አይደለም፣ ፕሮሰሰሩም አይደለም።

በመጋቢት አመጣለሁ። ዓይንዎ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤዎ ላይ ስለ እሱ አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ቦንቱ


ዓለም ጤና፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣ ሰላም ነሽ? እጄን ስለደከመኝ ይህን የምትጽፍልኝ ዋፊቃ ናት። እኔ ደህና ነኝ።

ስላልደበቅሽኝ ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ። እኔም በሩ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ፤ እናትሽ ሆስፒታል ሳለች ፈረቃ ልጨርስ እያልኩ ስንት ቀን ቀረሁ። ስለዚህ አልቆጣሽም፣ የመቆጣት መብትም የለኝም። ሥራሽን ጨርሺ። ፊደሉን ከዚህ በላይ አታሳድጊው፣ ወረቀት አታባክኚ። ካሴቱ የትም አይሄድም፤ ከፋሲካ በኋላም ይደርሳል።

አባትሽ መርዳሳ

ቦንቱ እህቴ፣ ዋፊቃ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ጋሽ መርዳሳ ጻፊ አላሉኝም፤ መልሼ ሳነብላቸው እዘለዋለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቀኝ ዓይናቸው ጥር ላይ ነው የሄደው። ግራው ደግሞ ያ ትልቁ ፊደልሽ በመጣ ሳምንት። አሁን መስኮቱ የት እንዳለ ብቻ ያውቃሉ። ደብዳቤሽን በግራ ጆሯቸው እየጮህኩ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፣ በረመዳን ጉሮሮዬ ደርቆ። ሽንኩርት የሚጭኑት ሁሉ ሰምተውታል። ሠላሳ ስድስቱን ወረቀት ግን ትራሳቸው ሥር አድርገውታል። "ሥራ ላይ ናት፣ አትንገሪያት" ብለው አስምለውኝ ነበር። ወላሂ አልቻልኩም።


አዳማ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣ ዋፊቃ ይህን በጆሮዎ ታንብብልዎ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ናፍቀውኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዴኩን ዛሬ ቢሾፍቱ ሄጄ አመጣሁት። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው የፈጀው፤ ስድስት ወር የፈራሁት መንገድ። ኮምፒውተር አልይዝም፣ ምንም አልገለብጥም፤ ዴኩን ቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ እንሰካዋለን። ዋፊቃ፣ የሱቅሽን ቴሌቪዥን ለአንድ ከሰዓት አውሺን።

የሙሽሮቹ ቤተሰቦች ይጠብቁ።

ልጅዎ ቦንቱ


አዳማ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣ በሰላም ገብቻለሁ። ድምፄ ግን ገና አልተመለሰም፤ ደንበኞቼን በእጅ ምልክት ነው የማናግራቸው። ያን ያህል ሰዓት በአንድ ጆሮ ስጮህ ውዬ ስለማላውቅ ነው።

ስለ ዓይንዎ ምንም አልተባባልንም፤ እርስዎም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። በሩን ስከፍት ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዙረው "ቦንቱ ነሽ?" ሲሉ ግን ሻንጣዬን ይዤ ደጅ ቆሜ ቀረሁ። በጥር መምጣት ነበረብኝ። ይህን እድሜ ልኬን ለራሴ እንደምለው ይወቁልኝ።

ካሴቱን እስከ መጨረሻው ስላየነው ደስ ብሎኛል። ማለቴ እኔ አይቼ ስለነገርኩዎት። የፋብሪካውን ካምፕ ክበብ ያስጌጡበትን ወረቀት፣ የኤቢሴን ቬሎ፣ እርስዎ በዚያ ሰፊ ኮት ሲንጎራደዱ። እማዬ ስትጨፍርም አየናት። ይኸው አየናት። ከእንግዲህ ቆጨኝ የሚሉት ነገር አይኑር። እጅዎን ዴኩ ላይ አሳርፈው መስማትዎ ከልቤ አይጠፋም።

ካሴቱን ለማጽዳት ብዬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ትንሽ አቧራ ይዞታል። ሌላ ነገር የለውም።

ልጅዎ ቦንቱ


ዓለም ጤና፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ድምፅሽ ተመለሰ? የኔም ጆሮ እስከ ማክሰኞ ሲጮህ ነበር።

ዋፊቃ ያለ ፈቃዴ ደብዳቤዬ ላይ ጨምራ እንደጻፈች ደርሼበታለሁ። አንቺ በሳምንቱ ከች ያልሽው በናፍቆት ብቻ አይደለም። አሁን እንኳ ሳስጽፋት ፈገግ እያለች ነው መሰለኝ፤ በጠረጴዛው በኩል መዳፌ ላይ ሲሰማኝ የነበረው እስክሪብቶዋ ቆመ። ዋፊቃ፣ ቀጥይ፣ ምንም ሳታስቀሪ።

በጥር መምጣት ነበረብኝ አልሽ። ዓይኔን የደበቅኩሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ እሱን ለሁለት እንካፈለው፣ ብቻሽን አትሸከሚው።

ሌላ ነገር አለኝ። መዳፌ ዴኩ ላይ ነበር። ሲጀምር ደህና ማሽን ነበር፣ ሳይወላከፍ ይሄድ ነበር፤ ከምትነግሪኝ ጋር አብሬ ስከተለው ነበር። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ተነሱ አልሽኝ። ያኔ ማሽኑ ታመመ። አንዴ ተንገጫገጨ፣ የካሴቱ ክር ተጎተተ፣ ከዚያ መዳፌ ባዶ ሆነ። ቁልፉን ስትነካኪ፣ ካሴቱን ስታወጪ፣ መልሰሽ ስታስገቢ ተሰማኝ። አልተነሳም። ክሩ ተበጥሷል። አፍሽም ከጆሮዬ ራቀ።

አበቃ አልኩ በልቤ። እስከዚህ ያየሁት ይበቃኛል፣ ተይው ልልሽ አፌን ስከፍት አንቺ አፍሽን ወደ ጆሮዬ መልሰሽ "አሁን እማዬ ተነሳች" አልሽኝ።

ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ሥር እንዳስቀመጠች ነገርሽኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሁለቴ አዙራ በግራ በኩል እንዳሰረችው። ሰው ሁሉ እያየ የኮቴን ቁልፍ ይዛ እንደጎተተችኝ፣ ቁልፉ ተበጥሶ እጇ ላይ ሲቀር እንደሳቀች፣ ቁልፉን ጡቷ መሐል ከትታ እንደቀጠለች። ሁሉም እንዳልሽው ነው የሆነው። እኔ ቁልፉን ረስቼው ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነሽ ከጠረጴዛ ሥር አይተሽው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ይዘሽው ኖረሻል። ማሽኑ ከቆመ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አወራሽልኝ። ዲንቄን ያየኋት ያኔ ነው።

ስለዚህ አቧራ ነው ምናምን አትበይኝ። ካሴቱን ለማስጠገንም አትሩጪ፤ ካሴቱ የያዘውን አይተናል። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ዴኩ ከቆመ ወዲህ ያልሽኝን ሁሉ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ዋፊቃ ማታ ማታ ታነብልኛለች። አትቸኩይ። ፊደሉንም ማሳደግ አያስፈልግሽም።

አባትሽ መርዳሳ